የባሕር አረም ሲበሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱሺ የተባለው የጃፓን የሩዝ ምግብ የሚጠቀለልበት ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ኖሪ ነው። ሚሶ በተባለው የጃፓን የአኩሪ አተር ሾርባ ላይ የሚንሳፈፈው ለስላሳው ዋካሜ። ጃፓኖች መረቅ የሚያወጡበት ወፍራሙ ደግሞ ኮምቡ። ሦስቱም የባሕር አረም ናቸው። ካሎሪያቸው ትንሽ ነው፤ ፋይበርና አዮዲን አላቸው፤ ጣዕማቸውም ቶሎ ይለመዳል። ጥቅማቸው እውነት ነው። ግን ሶሻል ሚዲያው የሚያወራው ጥቅሙን ብቻ ስለሆነ፣ ሰው የትኛውን፣ ምን ያህል ብሎ ሳይጠይቅ መብላት ይጀምራል።

ሁሉንም እንደ አንድ ምግብ ማየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃዋል። አንድ የኖሪ ቅጠል 3 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አዮዲኑም ብዙ ጊዜ ከዚህ መጠን ያንሳል። ኮምቡ ግን ጨርሶ ሌላ ነው። 1 ግራም ደረቅ ኮምቡ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ ይይዛል። በአሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 1,100 ማይክሮግራም ነው፤ በአውሮፓ 600። ትንሽ ቁራጭ ጣሪያውን ነካች ማለት ነው።

«ቅጠሉን አውጥቼ መረቁን ብቻ ነው የጠጣሁት» ማለትም አያዋጣም። አዮዲኑ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ሲቀቀል አብዛኛው መረቁ ውስጥ ይቀራል።

ጃፓኖች ዘመናቸውን ሙሉ ይበሉት የለ እንዴ? ይበሉታል። ሆኖም እነሱም ሙሉ በሙሉ አላመለጡም። በሆካይዶ የባሕር ዳርቻ ኮምቡ አብዝተው በሚበሉ ሰዎች ላይ እንቅርት መታየቱ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሐኪሞች ተመዝግቧል። አዎ፣ አዮዲን ሲበዛም እንቅርት ያመጣል። አውስትራሊያ ውስጥም በ2009 እ.ኤ.አ. ኮምቡ የተጨመረበት የሶያ ወተት ጠጥተው ታይሮይዳቸው (አንገት ላይ ያለው ሆርሞን አምራች ዕጢ) የታወከ ሰዎች ተገኙና ወተቱ ከገበያ ተሰበሰበ። ሰዎቹ ወተት እንጂ የባሕር አረም የበሉ አልመሰላቸውም ነበር። የሚገዙት ምግብ ላይ ኮምቡ ወይም ኬልፕ (የኮምቡ ዓይነት ትልልቅ የባሕር አረም የእንግሊዝኛ ስም) የሚል ካዩ ቆም ብለው ያስቡ። በኬልፕ እንክብል ላይ ደግሞ እኔ ጭራሽ ገንዘቤን አላወጣም፤ የአዮዲኑ መጠን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው በጣም ይለያያል።

እንቅርትን በባሕር አረም ለማከም መሞከር

ይህ በተለይ እኛን ይመለከታል። የኢትዮጵያ ደጋ አፈር አዮዲኑ በዝናብ ታጥቦ የሄደ ነው፤ ባሕሩም ሩቅ ነው። እንቅርት በየመንደሩ የሚታየው ለዚህ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ የወጣውም ለዚሁ ነው። ታዲያ «አዮዲን ከጎደለኝ ብዙ ልብላ» የሚለው ሐሳብ ትክክል ይመስላል።

አይደለም። ለዓመታት አዮዲን ተርቦ የኖረ፣ በተለይም እባጭ ያወጣ ታይሮይድ ድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኝ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደት ይቀንሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ሌላው ሰው ላይ ደግሞ ታይሮይዱ ተቃራኒውን አድርጎ ሥራ ሊቀንስ ይችላል። አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ መጀመሪያ የታይሮይድ የደም ምርመራ ያድርጉ። ነፍሰ ጡር ከሆኑም አዮዲን ያስፈልግዎታል፤ ግን ከኮምቡ ወይም ከኬልፕ ሳይሆን ሐኪም ከሚያዝልዎ ይውሰዱ።

በ100 ግራም የተጻፈውን አምኖ መግዛት

«ከወተት የበለጠ ካልሲየም!» «ከሥጋ የሚስተካከል ፕሮቲን!» የተባለው ለ100 ግራም ደረቅ ቅጠል ነው። ማን ነው 100 ግራም ኖሪ የሚበላው? ኖሪ ሲደርቅ ከክብደቱ ሲሶ የሚሆነው ፕሮቲን መሆኑ እውነት ነው። አንድ ቅጠል ላይ ግን 1 ግራም ያህል ቢወጣ ነው። አንድ ጭልፋ ሽሮ ያስከነዳዋል።

በጾም የቫይታሚን ቢ12 ምንጭ አድርጎ መቁጠር

ኖሪ ቢ12 አለው፤ ሆኖም ሰውነት ምን ያህሉን እንደሚጠቀምበት ጥናቶቹ አልተስማሙም። ስፒሩሊና ደግሞ ይባስ፤ ያለው በአብዛኛው ሰውነት የማይጠቀምበት ቢ12 መሳይ ነገር ነው። በጾም ወቅት ብቻ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚርቅ ሰው ጉበቱ ያጠራቀመው ይይዘዋል። ዓመቱን ሙሉ የማይነካ ግን እንክብል ወይም ቢ12 የተጨመረበት ምግብ ያስፈልገዋል።

በነገራችን ላይ ስፒሩሊና የባሕር አረም አይደለም። ጨዋማ ሐይቅ ላይ የሚበቅል ደቂቅ ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆ ጪቱ ሐይቅን የሚያረነጉደው እሱ ነው፤ ፍላሚንጎዎቹም የሚመገቡት እሱን ነው። ቻድ ውስጥ ዲሄ ብለው አድርቀው ለወጥ ያደርጉታል።

ሂጂኪን እንደ ሌሎቹ መብላት

ሂጂኪ ጥቁር፣ ክር መሳይ የባሕር አረም ነው። መርዛማው ዓይነት አርሴኒክ በብዛት አለበት። ካናዳ በ2001፣ ብሪታንያ በ2004 እ.ኤ.አ. ሕዝባቸው እንዳይበላው መክረዋል። መዘፍዘፍ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሌላ ስንት አማራጭ እያለ ይሄ ቢቀር ምን ይጎዳል?

«92 ማዕድን አለው» የሚለውን ማመን

ሲ ሞስ የተባለውን የባሕር አረም የሚሸጡ ሰዎች መፈክር ነው። በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ 92ኛው ዩራኒየም ነው። ከአንድ እስከ 92 ያለው ሁሉ ይኑርበት ካልን ሊድ፣ ሜርኩሪና አርሴኒክም አብረው ይመጣሉ። ሻጮቹ ይህን አስበውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ማዕድ ቤት ውስጥ

ኮምቡ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት ሻጋታ ነው ብለው አጥበው አይጣሉት፤ ጣዕም ይጨምራል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ለመረቅ ጣዕም የሚሰጠውን ግሉታሜት ለይቶ ያወጣው ከኮምቡ ነበር። ውሃው ሊፈላ ሲል ያውጡት፤ ካልሆነ ይመራል። ደረቅ ዋካሜ ሲዘፈዘፍ ወደ አሥር እጥፍ ያብጣል፤ ስለዚህ ቁንጥር ያህል ብቻ ይጨምሩ። በትንንሽ ፓኬት የሚሸጠው የተጠበሰ ኖሪ ጨውና ዘይት አለው፤ ጀርባውን ያንብቡ።

መድኃኒትን መርሳት

ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች የፖታሲየሙ ነገር ያሳስባቸዋል፤ ኮምቡ ላይ ብዙ ነው። የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አዮዲኑ መጠኑን ሊያዛባባቸው ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱት ደግሞ ቫይታሚን ኬን ያስቡ፤ የባሕር አረምም እንደ ጎመን አለው። ጨርሶ መተው ግድ አይደለም፤ ችግሩ አንድ ሳምንት ምንም፣ በቀጣዩ ሳምንት በየቀኑ ሲሆን ነው። ሐኪሙ ጎመን ምን ያህል እንደሚበሉ ሲጠይቅዎ ኖሪውንም አብረው ይንገሩት።