ሆርሞኖች የወንድና የሴትን የመራቢያ አካላት እንዴት ይመራሉ? ደረጃ በደረጃ እንከተላቸው

ኢስትሮጅንና ቴስቶስትሮን የሚሉትን ስሞች ያልሰማ የለም። ማን እንደሚያዛቸው ግን ብዙም አይወራም። ነገሩ ግልጽ የሚሆነው ከላይ፣ ከአንጎል ሲጀመር ነው።

1. መጀመሪያ አንጎልን ተመልከቱ

ሃይፖታላመስ የሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል ጂኤንአርኤች የተባለ ሆርሞን ይለቃል። የሚለቀው ግን ያለማቋረጥ አይደለም። በአብዛኛው በአንድና ሁለት ሰዓት ልዩነት፣ እያረፈ ነው። ዕረፍቱ የግድ ያስፈልጋል። ሆርሞኑ ሳያቋርጥ ከመጣ ከሥሩ ያለው ፒቱታሪ ዕጢ መልስ መስጠቱን ያቆማል። ሐኪሞች ያለ ዕድሜው የመጣን ጉርምስና የሚያዘገዩት ይህንኑ ተጠቅመው ነው።

ፒቱታሪ በበኩሉ ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ይልካል። የወንድም የሴትም አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው የሚደርሱበት ቦታ ላይ ነው።

2. በሴቷ በኩል ኢስትሮጅንን ተከተሉ

የወር አበባ ደም የታየበትን የመጀመሪያ ቀን አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። በነዚህ ቀናት ኤፍኤስኤች በእንቁልጢ ውስጥ እንቁላል የያዙ ትንንሽ ከረጢቶችን ያሳድጋል። ከረጢቶቹ ኢስትሮጅን ያመነጫሉ፤ እሱ ደግሞ የማህፀንን ግድግዳ ያወፍራል። በዚያው ልክ ወደ አንጎል ተመልሶ ኤፍኤስኤችን ይቀንሳል። ስለዚህ ደካሞቹ ከረጢቶች ይከስማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብቻ ይቀጥላል።

ከዚያ የሚገርመው ነገር ይመጣል። ኢስትሮጅን በጣም ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ያህል ከቆየ፣ ያው ሲከለክል የነበረው ሆርሞን ቀስቃሽ ይሆናል። ኤልኤች በአንዴ ያሻቅባል። ከዚህ በኋላ በ36 ሰዓት ገደማ እንቁላሉ ይወጣል። በፋርማሲ የሚሸጠው የኦቭዩሌሽን (የእንቁላል መውጣት) መመርመሪያ ሽንት ውስጥ የሚፈልገው ይህንን ኤልኤች ነው።

3. ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

እንቁላሉን የለቀቀው ከረጢት ፕሮጄስትሮን ማምረት ይጀምራል። የሰውነት ሙቀትም ትንሽ፣ ከግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይበልጥ፣ ይጨምራል። እርግዝና ካልመጣ ከረጢቱ በ14 ቀን ገደማ ይከስማል፣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይመጣል። ከተረገዘ ግን ጽንሱ ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን ልኮ ከረጢቱን ያቆየዋል። የእርግዝና መመርመሪያው የሚይዘው እሱን ነው።

እንግዲህ ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። እንቁላል ሁልጊዜ በ14ኛው ቀን አይወጣም። የሚረዝመውና የሚያጥረው በአብዛኛው እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ያለው የዑደቱ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ከሚቀጥለው የወር አበባ 14 ቀን ያህል ወደ ኋላ ቁጠሩ። ዑደቷ 28 ቀን የሆነች ሴት በ14ኛው ቀን አካባቢ ታወጣለች፤ 35 ቀን የሆነች ግን ወደ 21ኛው ቀን ትጠጋለች። የወንድ ዘር ደግሞ በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ እርግዝና የማትፈልጉ ከሆነ ቀን ቆጠራ ላይ ብቻ አትተማመኑ።

4. ወደ ወንዱ እለፉ

እዚህ ወርኃዊ ዑደት የለም። ኤልኤች የዘር ፍሬዎች ቴስቶስትሮን እንዲያመርቱ ያዛል። ኤፍኤስኤች የወንድ ዘርን የሚንከባከቡትን ሴሎች ያግዛል። ቴስቶስትሮን ሲበዛ አንጎል ትዕዛዙን ይቀንሳል። አንድ የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመጠናቀቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ዛሬ የሚታየው የምርመራ ውጤት ከሁለት ወር በፊት የነበረን ከባድ ትኩሳት ሊያሳይ ይችላል።

ጡንቻ ለማሳደግ ቴስቶስትሮን ለሚወጉ ወጣቶች ይህ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። አንጎል ከውጭ የመጣውን አይቶ «በቂ አለ» ይላል፤ ኤልኤችና ኤፍኤስኤችን ያቆማል። በዘር ፍሬው ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ ፍሬው ሊያንስ ይችላል፣ የዘር ቁጥሩም እስከ ዜሮ ሊደርስ ይችላል። መርፌው ከቆመ በኋላ ለማገገም ወራት ይፈጃል። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ሐኪም ሳያማክር አይንካው።

5. ምርመራውን በሰዓቱ አድርጉ

ዑደቱ በተደጋጋሚ ከ21 ቀን ካነሰ ወይም ከ35 ከበለጠ ሐኪም ጋ ሂዱ። ዓመት ሞክራችሁ ካልተረገዘ ሁለታችሁም ተመርመሩ፤ ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት 6 ወር ይበቃል። የወንድ ቴስቶስትሮን ጠዋት ይለካል፣ ከፍ የሚለው ያኔ ነውና። ፕሮጄስትሮን የሚለካው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ያህል ሲቀረው ነው። ዑደቷ 35 ቀን የሆነች ሴት እንደ ሌላው ሰው በ21ኛው ቀን ከተለካች ውጤቱ ዝቅ ብሎ በከንቱ ያስደነግጣታል። የእሷ ቀን 28ኛው ነው።