ስኩባ ጠላቂ ባለሙያዎች በዋና ልምምዳቸው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአየር ሲሊንደር ታጥቆ (በስኩባ) ሌሎችን እየመራ ባሕር ውስጥ የሚወርድ ባለሙያ የዋና ብቃቱ ለራሱ ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። በባብ ኤል መንደብ አጠገብ በሚገኙት የጅቡቲ የሰባት ወንድማማቾች ደሴቶች፣ ብርቱ የውሃ ፍሰት በሚበረታበት ሰዓት፣ አንድ የደከመ እንግዳ ከጀልባው እየራቀ ሲሄድ ደርሶ የሚይዘውና ጎትቶ የሚመልሰው ይኸው ባለሙያ ነው። ያም ሆኖ የሙያ ፈቃዳቸውን ካገኙ በኋላ ለልምምድ ብለው መዋኛ ገንዳ ያልገቡ አስጠላቂዎችና አስተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ለዚህ የሚያበቋቸው ስህተቶችም ተመሳሳይ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው የዕለት ተዕለት ጠለቃን እንደ ስፖርት መቁጠር ነው። «በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየጠለቅሁ ሌላ ልምምድ ለምን ያስፈልገኛል?» የሚለው አስተሳሰብ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ነገር ግን ጎበዝ ጠላቂ የሚባለው ክብደቱን በትክክል አመጣጥኖ፣ አካሉን አግድም ዘርግቶ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ በዝግታ የሚንቀሳቀሰው ነው፤ ስለዚህ ሰውየው በሙያው በተራቀቀ ቁጥር ጠለቃው ልቡንና ሳንባውን የሚያሠራበት መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ጉድለቱ የሚገለጠው ችግር በተፈጠረበት ቀን ነው። 12 ሊትር የሚይዝና በ200 ባር (የግፊት መለኪያ) የተሞላ ሲሊንደር ወደ 2,400 ሊትር አየር አለው። ባለሙያው ተረጋግቶ በደቂቃ 15 ሊትር የሚተነፍስ ከሆነ በ20 ሜትር ጥልቀት፣ ግፊቱ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን፣ በደቂቃ 45 ሊትር ያወጣል፤ አየሩም መጠባበቂያውን ጨምሮ ለ53 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ፍሰትን እየታገለ በደቂቃ 40 ሊትር መተንፈስ ከጀመረ ግን ያው ሲሊንደር በ20 ደቂቃ ያልቃል። በ30 ሜትር ደግሞ አየሩ ራሱ ከባሕር ወለል በአራት እጥፍ የወፈረ ስለሚሆን ሰው በኃይል ሊተነፍስ የሚችልበት ከፍተኛ መጠን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ያልሠለጠነ አካል እዚያ ላይ የሚጠይቀውን አየር ሳንባው ሊያስገባለት አይችልም። ይህን በጠለቃ ብቻ መለማመድ አይቻልም፤ ልብ ከፍ ብሎ የሚመታበት ሥራ ለብቻው ሊሠራ ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት የፈተናን ውጤት የዘለቄታ ብቃት አድርጎ ማየት ነው። በብዙ አገሮች የሚሠራበትን፣ ፓዲ (PADI) የተባለውን የጠለቃ አሠልጣኝ ድርጅት የዳይቭማስተር (የጠላቂዎች መሪ) ሥልጠና ብንወስድ፣ ተፈታኙ ያለምንም መርጃ 400 ሜትር ይዋኛል፣ 15 ደቂቃ ውሃ ላይ ቆሞ ይቆያል፣ ማስክ፣ ስኖርክል (የመተንፈሻ ቱቦ) እና የእግር መቅዘፊያ አድርጎ እጁን ሳይጠቀም 800 ሜትር ይሄዳል፣ ራሱን እንደሳተ የሆነ ጠላቂን 100 ሜትር ይጎትታል፣ በመጨረሻም ውሃ ውስጥ ከጓደኛው ጋር የመጥለቂያ ዕቃ ይለዋወጣል። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ 400 ሜትሩን ከ6 ደቂቃ ተኩል በታች፣ 800 ሜትሩን ከ14 ደቂቃ በታች የጨረሰ 5 ያገኛል። ለማለፍ የሚፈለገው ግን በድምሩ 15 ነጥብ በመሆኑ በዋናው 1 ነጥብ ብቻ ያገኘ ሰው በሌሎቹ አካክሶ ሊያልፍ ይችላል። ፈቃዱ በየዓመቱ ሲታደስም ዋናውን ድጋሚ የሚፈትነው የለም። ስለዚህ ራሱን በራሱ የማይፈትን ባለሙያ ዛሬ ያለበትን ደረጃ አያውቀውም። በእኔ እምነት በየሦስት ወሩ 400 እና 800 ሜትሩን በሰዓት ለክቶ መመዝገብ ለዚህ ሥራ የሚጠየቅ ትንሹ ግዴታ ነው። ገንዳው 25 ሜትር ከሆነ በ400 ሜትር ውስጥ 15 ጊዜ ግድግዳ እየተገፋ እንደሚታጠፍ አይዘንጋ፤ ባሕር ላይ የሚገፉት ግድግዳ ስለሌለ ያው ርቀት የበለጠ ያደክማል።

ገንዳ የሚመላለሱትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዝግታ ይዋኛሉ። ውሃ ለዋናተኛ የሚያሳየው ተቃውሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ተቃውሞን ማሸነፍ፣ ስምንት እጥፍ ያህል ኃይልም ማውጣት ያስፈልጋል። በዝግታ 2,000 ሜትር የመዋኘት ልማድ ብቻውን ለዚያች አስቸጋሪ ደቂቃ አያዘጋጅም። በሳምንት ሦስት ቀን የሚሠራ ሰው ከቀናቱ ቢያንስ በአንዱ፣ ሰውነቱን በ300 ሜትር ቀላል ዋና ካሟሟቀ በኋላ፣ ስምንት ጊዜ 50 ሜትር በኃይል እየዋኘ በየመካከሉ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቢያርፍ ይጠቅመዋል። በሌላው ቀን ሥራው በእግር መቅዘፊያ ይሁን፤ በነፃ ቀዘፋ (ፍሪስታይል) የሚበረታ ትከሻ የባትን ጡንቻ ከመሸማቀቅ አያድነውም። ጓደኛን ሙሉ ዕቃ እንደታጠቀ መጎተትም አልፎ አልፎ ሊደገም ይገባዋል።

ትንፋሽን ይዞ ውሃ ስር የመዋኘት ልምምድ ላይ ግን ጠንከር ማለት ያስፈልጋል፤ ብርቱ ዋናተኞችን የሚገድለው ስህተት ይህ ነውና። «ተንፍስ፣ ተንፍስ» የሚለውን ግፊት የሚቀሰቅሰው በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው። ከመጥለቁ በፊት ደጋግሞ በኃይል የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አራግፎ ያስወጣዋል፤ የኦክስጅን ክምችቱ ግን ያን ያህል አይጨምርም። በዚህ ምክንያት የመተንፈስ ፍላጎቱ ከመምጣቱ በፊት ኦክስጅኑ ያልቅና ያለምንም ማስጠንቀቂያ ራሱን ይስታል፤ ይህ ደግሞ እስከ ወገብ በሚደርስ ገንዳ ውስጥም የሚያጋጥም ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በፍጥነት መተንፈስ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ አንዱ ሲጠልቅም ሌላው ከላይ ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቀዋል። ብቻውን የሚለማመድ ሰው ይህን ክፍል ጨርሶ ይተወው።

ሰዓቱን አለመምረጥም አደጋ አለው። ከጠለቃ በኋላ፣ በግፊት ውስጥ ከተተነፈሰው አየር ወደ አካል የገባው ናይትሮጅን ገና እየወጣ ሳለ ከባድ ስፖርት መሥራት በደም ውስጥ አረፋ እንዲበዛ ሊያደርግ ይችላል፤ ከአራት ጎልማሶች በአንዱ ገደማ ላይ በልብ ክፍሎች መካከል ያልተዘጋ ትንሽ ቀዳዳ ስለሚገኝ አረፋው ወደ አንጎል ወደሚሄደው ደም የሚሻገርበት ዕድል አለ። የከባድ ልምምዱ ቀን ጠለቃ የሌለበት ቀን ቢሆን ይመረጣል። ጅቡቲ ጠልቆ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመለከተዋል፦ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለችና የአየር ግፊቷም ዝቅ ያለ ስለሆነ (ይህም አረፋውን ያባብሳል) በዚያ መዋል በበረራ ላይ ባለ አውሮፕላን ውስጥ ከመቀመጥ ብዙም አይለይም። ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አለመብረር የሚለው ምክር በመኪና ለሚመለሰውም ሊሠራ ይገባል።

የመጨረሻው ስህተት የአካልን ምልክት በጽናት ስም ማለፍ ነው። ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ የእግሩ ደም ወደ ደረቱ ስለሚሸሽ ልብና ሳንባ ተጨማሪ ጫና ይሸከማሉ፤ በተለይ የደም ግፊት ባለበት ሰው ላይ ብርቱ ዋና ሳንባው ውሃ እንዲቋጥር ሊያደርግ ይችላል። ዋናው ካስከተለው ድካም ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ እጥረት፣ የማያቋርጥ ሳል፣ አረፋ ያለበት ወይም ቀላ ያለ አክታ ከታየ ልምምዱ በዚያው ይቆማል። ሰውየው ከውሃ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ኦክስጅን ካለ ይሰጠዋል፣ ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ ምልክቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢጠፋለት እንኳ ልቡና ሳንባው ሳይመረመሩ ነገ እንግዳ ይዞ እንዲወርድ ሊፈቀድለት አይገባም።