ከአየርላንድ አነስተኛ ምግብ አምራቾች ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአየርላንድ ደቡብ ያለው ካውንቲ ኮርክ የጥሩ ምግብ አገር ነው። ቺዙን የሠራው፣ ዓሣውን ያጠነው ሰው ራሱ ገበያ ወጥቶ ይሸጥልዎታል። ብዙ ጎብኚ ግን እዚያ ድረስ ሄዶ ከሱፐርማርኬት የማይሻል ነገር ገዝቶ ይመለሳል። ስህተቶቹ በቀላሉ የሚታረሙ ስለሆኑ ነው የሚቆጨኝ።

አንዱ አርፍዶ መሄድ ነው። በኮርክ ያለችው የሚድልተን ከተማ የገበሬዎች ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ካረፈዱ ምርጥ ምርጡ አልቋል። ወተርፎርድ ከተማ ከሄዱማ የበለጠ ማለዳ ይነሱ። «ብላ» የሚባለው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ለስላሳ ነጭ ዳቦ የሚጥመው ትኩሱን፣ ለቁርስ ነው።

ሁለተኛው፣ ማሸጊያው ላይ «አርቲዛን» ስለተባለ ብቻ መግዛት። የአገሪቱ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 ባወጣው መመሪያ ቃሉ የሚገባው በባለሙያ እጅ፣ በትንሽ መጠን፣ በአንድ ቦታ ለተሠራ ምግብ ነው። እርስዎም ጀርባውን ገልብጠው ያንብቡ። ማን እንደሠራው፣ የት እንደሠራው ካልተጻፈ ይለፉት።

በጭስ የታጠነ ሳልመን ላይ ደግሞ ጥያቄው ይጠንክር። አየርላንድ ውስጥ ታጠነ ማለት ዓሣው የአየርላንድ ነው ማለት አይደለም። ከ2007 ጀምሮ በባሕር ላይ በተንሳፋፊ መረብ ሳልመን ማጥመድ ስለተከለከለ የዱር ሳልመን ጥቂትና ውድ ነው። ገበያ ላይ የሚያገኙት አብዛኛው በእርባታ ያደገ ነው። ጥሩ እርባታ ጥሩ ዓሣ ይሰጣል፤ ዋናው ከየት እንደመጣና በምን እንጨት እንደታጠነ መጠየቅ ነው። ሐቀኛ አምራች ሳይጠየቅም ይነግርዎታል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን በቺዝ ላይ የሚሠራው ስህተት ነው። የዘመኑ የአየርላንድ የእርሻ ቺዝ ታሪክ ሲነሳ ቀድማ የምትጠራው ቬሮኒካ ስቲል ናት። በ1970ዎቹ በቤራ ባሕረ ገብ መሬት፣ ከራሷ ላሞች ወተት፣ ሚሊንስ የተባለውን ቺዝ መሥራት ጀመረች። ዱረስና ጋቢን የተባሉት ቺዞችም በዚያው አካባቢ ተወለዱ። እነዚህ ቺዞች እስኪበስሉ ድረስ ቆዳቸው በጨው ውሃ ይታሻል። ስለዚህ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ትንሽ ያጣብቃል፤ ሽታውም ከሩቅ ይቀበላል። ይሄኔ ተበላሽቷል ብሎ የሚመልስ አለ። ቆዳውን ልጦ የሚጥልም አለ። ጣዕሙ እኮ ያለው እዚያ ላይ ነው! ከመሃል እስከ ቆዳው አንድ ላይ ቆርጠው ይቅመሱት። ደግሞ ከፍሪጅ እንዳወጡ አይብሉት፤ ቀዝቃዛ ቺዝ ዝም ያለ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ፤ ውስጡ ይለሰልሳል፣ መዓዛውም ይወጣል። የተረፈውን በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ይጠቅልሉት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግን እንዲህ ያለ ለስላሳ ቺዝ ይቅርብዎት።

የእኛ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። «ብላክ ፑዲንግ» ሲባል ጣፋጭ ነገር መስሎት የሚያዝ አለ። ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ደምና ስብ ከእህል ጋር የሚሠራ ቋሊማ ነው። «ዋይት ፑዲንግ» ደም የለውም እንጂ እሱም አሳማ ነው። ቁርስ ላይ አብረው ስለሚቀርቡ፣ ገና ሲያዙ ይናገሩ። በምትኩ እንቁላልና የሶዳ ዳቦ ይጠይቁ። ዳቦው እርሾ የለውም፤ የሚነፋው በአሬራና በሶዳ ነው። ጨው ያለውን የአገሩን ቅቤ ወፈር አድርገው ይቀቡት።