የሕዝብ ገንዘብ በነፋስ ኃይል ላይ ከመዋሉ በፊት የፕሮጀክቱን ሰነድ እንዴት መመርመር ይቻላል?

መንግሥት ወይም የከተማ ምክር ቤት ለነፋስ ኃይል ማመንጫ የሕዝብ ገንዘብ ሊመድብ ሲያስብ፣ በሰነዱ ላይ ጎልቶ የሚታየው ብዙውን ጊዜ የሜጋ ዋቱ መጠን፣ ማለትም ማመንጫው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ የሚሰጠው ኃይል ነው። ሰነዱን የሚመረምር ሰው ግን ከዚህ ቁጥር አልፎ፣ ማመንጫው በዓመት ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ለተጠቃሚው እንደሚያደርስና እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ሕዝቡን ምን ያህል እንደሚያስወጣው መፈለግ አለበት።

በመጀመሪያ የነፋስ ልኬቱን ይመልከቱ። ነፋስ የሚሸከመው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሴኮንድ 6 ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ በስህተት 7 ሜትር ተብሎ ቢመዘገብ፣ በወረቀት ላይ የሚሰፍረው የነፋስ ኃይል ከእውነተኛው በ59 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ልኬቱ ተርባይኖቹ (ነፋስ እያሽከረከራቸው ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ማሽኖች) በሚቆሙበት ቦታ፣ ለተርባይኑ ቁመት በቀረበ ከፍታ ላይ፣ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዓመት መወሰዱን ያረጋግጡ። ቦታው ደጋ ከሆነም፣ ሳሳ ያለ አየር የሚሸከመው ኃይል ስለሚያንስ፣ የአየሩ መሳሳት በስሌቱ መግባት አለበት።

ከዚያ ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት። 100 ሜጋ ዋት ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ ያለ ማቋረጥ ቢሠራ 876,000 ሜጋ ዋት ሰዓት (አንዱ 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው) ያመነጭ ነበር፤ ነፋስ ግን ስለሚነሣና ስለሚተኛ፣ ከዚህ 30 በመቶውን ቢያገኝ 262,800 ሜጋ ዋት ሰዓት ይደርሳል። ሰነዱ ከዚህ እጅግ የላቀ ድርሻ ተስፋ ከሰጠ፣ ማስረጃውን ይጠይቁ።

በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የብድሩ ገጽ ነው። ለነፋስ ነዳጅ ስለማይገዛለት፣ አብዛኛው ወጪ የሚወጣው ገና ምንም ኤሌክትሪክ ሳይመነጭ ነው፤ በዚህም ምክንያት የወለዱ መጠን የኤሌክትሪኩን ዋጋ በእጅጉ ይወስናል። የ100 ሚሊዮን ብድር በ25 ዓመት ውስጥ በእኩል ዓመታዊ ክፍያ ሲመለስ፣ በ4 በመቶ ወለድ በዓመት 6.4 ሚሊዮን፣ በ10 በመቶ ወለድ ግን 11 ሚሊዮን ያስከፍላል። ተርባይኑም ነፋሱም ያው ሆኖ ሳለ ክፍያው ይህን ያህል ስለሚራራቅ፣ መንግሥት ወለዱን የሚያቀልል ዋስትና ቢሰጥ ከቀጥተኛ ድጎማ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። ብድሩ በውጭ ምንዛሪ፣ ገቢው ግን በአገር ውስጥ ገንዘብ ከሆነ፣ የምንዛሪው ለውጥ በማን ላይ እንደሚወድቅ ውሉ በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል።

የማስተላለፊያ መስመሩ በጀት ከተርባይኖቹ ጋር አብሮ መጽደቁንም ይጠይቁ። በቻይናዋ ጋንሱ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2016 ሊመነጭ ይችል ከነበረው የነፋስ ኤሌክትሪክ 43 በመቶው ሳይወሰድ የቀረው፣ የማመንጫዎቹ ብዛት ከመስመሩና በአካባቢው ካለው ፍላጎት በላይ በመሆኑ ነበር።

ባለቤትነቱ ደግሞ በአንድ እጅ ብቻ መሆን የለበትም፤ ለብዙዎች ሊከፋፈል ይችላል። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን አቅራቢያ ባሕር ላይ የተተከሉት 20 የሚድልግሩንደን ተርባይኖች በድምሩ 40 ሜጋ ዋት ሲሆኑ፣ ሲገነቡ ግማሾቹ የከተማዋ ኃይል ድርጅት፣ ግማሾቹ ደግሞ ነዋሪዎች አክሲዮን የገዙበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ነበሩ። ትርፉን የሚካፈል ነዋሪ ሥራውን በቅርብ ስለሚከታተል፣ እንዲህ ያለው አማራጭ በሰነዱ ውስጥ ከሌለ ለምን እንደተተወ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሌሎች አማራጮች ጋር ሲያነጻጽሩ የእያንዳንዱን ስጋት ለይተው ይዩ። በከርሰ ምድር እንፋሎት ትልቁ ስጋት ጉድጓዱ ተቆፍሮ በቂ እንፋሎት አለመገኘቱ ነው፤ የግል ባለሀብት ይህን ብቻውን ለመሸከም ስለሚያመነታ፣ የሕዝብ ገንዘብ ለመጀመሪያው ቁፋሮ ቢውል ተገቢ ይሆናል። የፀሐይ ኃይል በቀን ብቻ ስለሚገኝ፣ የግድብ ውኃ ወይም ባትሪ ሌሊቱን እንዴት እንደሚሸፍን መታየት አለበት።

በመጨረሻም የማፍረሻውን ሒሳብ ይፈልጉ። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራ የጀመረው የቪንደቢ የባሕር ላይ ማመንጫ 11 ተርባይኖቹ በ2017 ተነሥተዋል። ማንኛውም ማመንጫ ይህ ቀን ስለሚመጣበት፣ ለማፍረሻው የሚሆነው ገንዘብ ከመጀመሪያው ዓመት ገቢ ጀምሮ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድም ለሌላ ጉዳይ እንዳይወጣ በውሉ ውስጥ እንዲካተት ያድርጉ።