አገረ ገዥ ነበርኩ፣ አሁን ፕሬዚዳንት ልሁን፦ በዘመቻ ጅማሬ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በዲሴምበር 1974 ከጆርጂያ የመጡ አንድ የኦቾሎኒ ገበሬ ዋሽንግተን ውስጥ ጋዜጠኞች ፊት ቆመው ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ ተናገሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከአገረ ገዥነታቸው ሊሰናበቱ አንድ ወር ገደማ ነበር የቀራቸው። “ጂሚ ማን?” ተባለ። ሥራ ፈት መሆናቸው ግን ጠቀማቸው። በእጩ ምርጫ ቀድማ ድምፅ ትሰጥ ወደነበረችው አይዋ ግዛት ሄደው ደጋፊዎቻቸው ቤት እያደሩ፣ ከሰው ጋር ቡና እየጠጡ ከረሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጂሚ ካርተር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

ከዚያ ወዲህ ስንት የቀድሞ አገረ ገዥ በዚያው መንገድ ለመሄድ ሞከረ! የተሳካላቸው ግን ሮናልድ ሬገን ብቻ ናቸው። ክሊንተንና ልጁ ቡሽ ሲመረጡ ገና ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከ2000 ምርጫ በኋላ ደግሞ በሥራ ላይ ያለም ሆነ የቀድሞ፣ አንድም አዲስ አገረ ገዥ ፕሬዚዳንት ሆኖ ዋይት ሀውስ አልገባም።

ይገርማል። አገረ ገዥ ማለት በጀት ያወጣ፣ ጎርፍና አውሎ ነፋስ ያየ፣ ከምክር ቤት ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነው። ለፕሬዚዳንትነት ከዚህ የቀረበ ልምምድ ከየት ይመጣል? እኔ እንደማየው የብዙዎቹ ጣጣ ከአንድ ቦታ ይነሳል። ትናንት የሠራላቸው ነገር ዛሬም ይሠራልናል ብለው ይነሳሉ። ነገሩ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚታወቅባቸው።

ፓርቲው ትቼው የሄድኩት ቦታ ቆሞ ይጠብቀኛል ማለት

የዚህ ስህተት አባት የልጁ ቡሽ ወንድም ጄብ ቡሽ ናቸው። ፍሎሪዳን ከ1999 እስከ 2007 አስተዳደሩ። ለመጨረሻ ጊዜ ምርጫ ያሸነፉት በ2002 ነበር። ለፕሬዚዳንትነት እንደሚወዳደሩ በይፋ የተናገሩት ደግሞ ጁን 15፣ 2015፣ ማያሚ ዴድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። በመካከሉ ምን ያልሆነ ነገር አለ? ኦባማ ሁለት ጊዜ ተመርጠዋል። የሪፐብሊካን መራጭ በስደተኞች ጉዳይ ጭራሽ ከርሯል። ጄብ ግን ስፓኒሽ የሚናገሩ፣ ሜክሲኮ የተወለደች ሚስት ያገቡ፣ ስለ ስደተኛ ለዘብ ብለው የሚያወሩ ሰው ናቸው። በ2002 ይህ ሁሉ ሀብታቸው ነበር። በ2015 ዕዳ ሆነባቸው።

በዘመቻው ዓርማ ላይ “ጄብ!” ብቻ ተጻፈ። ቡሽ የሚለው ስም ተተወ። እንዲያ በማድረግ የአባትና የወንድም ስም የሚረሳ ይመስል! በማግስቱ ዶናልድ ትራምፕ ኒው ዮርክ ባለው ሕንፃቸው በኤሌክትሪክ ደረጃ ወርደው መጡ። ጄብ ስለ ግብር ቅነሳና ስለ ትምህርት ቤቶች የሠሩትን ሲዘረዝሩ ትራምፕ ጉልበት የሌለው ሰው የምትል ቅጽል ለጠፉባቸው። ተጣበቀች፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀቻቸውም።

አገረ ገዥ የነበረ ሰው ታሪኩን መናገር የለበትም እያልኩ አይደለም። ነገር ግን መራጩ የሠራኸውን ሰምቶ “እሺ፣ ጎበዝ፤ አሁንስ?” ይልሃል። ለዚያ “አሁንስ” መልስ ያልያዘ ሰው የሥራ ማስረጃውን ይዞ በየቢሮው እንደሚዞር ጡረተኛ ይመስላል።

ገንዘቡ ይዋጋልኛል ማለት

ጄብን ሳንለቅ ይቺን እንጨምር። ደጋፊያቸው የነበረው ሱፐር ፓክ (ከዘመቻው ተለይቶ የቆመ የፖለቲካ ገንዘብ ድርጅት) በ2015 አጋማሽ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ነበር። ሱፐር ፓክ ያለ ገደብ ገንዘብ መሰብሰብ ይችላል። በማስታወቂያ ጉዳይ ግን ከተወዳዳሪው ጋር መመካከር አይፈቀድለትም። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው እጩነቱን ሆን ብሎ ያዘገያል። “ገና እያሰብኩበት ነው” እያለ ለወራት ለሱፐር ፓኩ ገንዘብ ሲያሰባስብ ይከርማል።

ብልጠት ይመስላል። ጣጣው በኋላ ነው የሚመጣው። ዋናው ገንዘብህ አንተ የማታዝበት ሰው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ምርጫ ሲቃረብ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለተወዳዳሪ ዝቅተኛውን የማስታወቂያ ዋጋ እንዲያስከፍሉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ሱፐር ፓክ ይህ መብት የለውም፤ ለዚያችው ሰላሳ ሰከንድ ብዙ እጥፍ ሊከፍል ይችላል። የቴክሳሱ ሪክ ፔሪ በ2015 የገጠማቸውማ የባሰ ነው። ደጋፊ ሱፐር ፓኮቻቸው ሚሊዮኖች ይዘው ተቀምጠው፣ የዘመቻው ቢሮ ለሠራተኞቹ ደሞዝ መክፈል አቃተው። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዘዋወር አይቻልም። ሴፕቴምበር ላይ ወጡ።

ጄብም ፌብሩዋሪ 20፣ 2016፣ የሳውዝ ካሮላይና ውጤት በተነገረበት ምሽት በቃኝ አሉ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚባለው ለካ ለዶላርም ይሠራል።

እግረ መንገዴን ለእኛ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። አንድ የቀድሞ አገረ ገዥ ሰፈራችን ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የገንዘብ ማሰባሰቢያ እራት ቢያዘጋጅ፣ ዜጋ ያልሆነ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማዋጣት ይችላል። ለጉብኝት ከአዲስ አበባ የመጡት አጎት ግን አይችሉም። የእሳቸውን ብር በራስ ስም መስጠትም ክልክል ነው። ተወዳዳሪው በበኩሉ ለዘመቻ ከ5,000 ዶላር በላይ ከሰበሰበ ወይም ካወጣ በሕግ ዓይን እጩ ሆኗል። በ15 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ ምርጫ ኮሚሽን ቅጽ ማስገባት አለበት።

እንደሚመጣ የታወቀውን ጥያቄ ሳይዘጋጁበት መቅረብ

ያልተጠበቀ ጥያቄ ማንንም ይጥላል፤ ይቅር ይባላል። የሚያናድደው ልጅ እንኳ የሚገምተው ጥያቄ ሲጥላቸው ነው። በሜይ 2015 ጄብን “ዛሬ የምናውቀውን ያኔ ብናውቅ ኢራቅ ትዘምት ነበር?” ብለው ጠየቋቸው። ጦርነቱን ያወጀው ወንድማቸው ነው! ይህ ጥያቄ ካልተጠበቀ ምን ይጠበቃል? መጀመሪያ አዎ አሉ፤ ቀጥሎ ጥያቄውን በደንብ አልሰማሁትም አሉ፤ ከዚያ መላ ምት አልመልስም አሉ። አልዘምትም ለማለት አራት ቀን ገደማ ወሰደባቸው።

ኒኪ ሄሊ የገቡበት ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል። የቀድሞዋ የሳውዝ ካሮላይና አገረ ገዥ በዲሴምበር 2023 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ስብሰባ ላይ ሳሉ አንድ ሰው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መንስኤው ምን ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ስለ መንግሥት ሚናና ስለ ነፃነት ረዘም አድርገው መለሱ። ባርነት የሚለውን ቃል አላነሱም። ሰውየው እዚያው አስታወሳቸው። በማግስቱ “እርግጥ ነው ስለ ባርነት ነበር” አሉ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከሁሉም የሚገርመው፣ በተወዳዳሪዎቹ መካከል ለዚህ ጥያቄ ምርጥ መልስ የነበራቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በጁን 2015 ቻርልስተን ባለው የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ሰዎች ሲገደሉ፣ አገረ ገዥ ሆነው የኮንፌዴሬሽኑ (በእርስ በርስ ጦርነቱ ባርነትን ይዘው የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች) ባንዲራ ከምክር ቤቱ ግቢ እንዲወርድ ያደረጉት ሄሊ ነበሩ። “ባርነት ነበር፤ ባንዲራውንም ያወረድኩት ለዚህ ነው” ቢሉ ኖሮ አለቀ። መራጭ እንዳይቀየም ሲጠነቀቁ ዋናውን ሀብታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ረሱት።

ቦታው የሚያስታውሰውን መርሳት

ሜሪላንድ፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የቆያችሁ ማርቲን ኦማሊን ሳታስታውሱ አትቀሩም። ለስምንት ዓመት አገረ ገዥያችሁ ነበሩ። ከዚያ በፊት የባልቲሞር ከንቲባ ነበሩ፤ ፖሊስ በትንሽ በትልቁ ሰው እንዲያስር ያደረገ ጥብቅ መመሪያም አራምደዋል። እጩነታቸውን ያወጁት ሜይ 30፣ 2015፣ ባልቲሞር ከተማዋን ቁልቁል የሚያሳየው ፌደራል ሂል ላይ ነው። ቦታው ያምራል። ግን ከአንድ ወር በፊት ፍሬዲ ግሬይ የተባለ ወጣት በፖሊስ እጅ ሳለ በደረሰበት ጉዳት ሞቶ ያቺው ከተማ ተቃጥላለች። ተቃዋሚዎች መጥተው ንግግሩ መሀል ጮኹባቸው። ካሜራው ወዴት ዞሮ ይሆን?

ሚት ሮምኒ በ2007 ያስተዳደሩትን ማሳቹሴትስን ትተው ሚሺጋን ሄዱ። የተወለዱበት ነው፤ አባታቸውም አገረ ገዥ ነበሩ። ንግግሩን ያደረጉት በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ነበር። ፎርድ መኪና ብቻ አልሠራም፤ በጋዜጣው ፀረ አይሁድ ጽሑፍ ያሳትም ነበር። አንድ የአይሁድ ዴሞክራቶች ማኅበር ወዲያው ተቃወመ። በ2011 ሮምኒ ተምረው ነበር። ኒው ሃምፕሻየር አንድ እርሻ ላይ ቆመው ጀመሩ። የፓርቲውን እጩነትም አገኙ፤ ያ ሁሉ በእርሻው ምክንያት ነው ባልልም።

ሰዓት

በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ ምሳሌዎቹ ራሳቸው ይበቃሉ። ሪክ ፔሪ በ2011 (ያኔ ገና ወንበር ላይ ነበሩ) ጀርባቸውን ቀዶ ሕክምና ባደረጉ በስድስት ሳምንት ገደማ፣ ኦገስት ላይ ገቡ። ኖቬምበር ላይ በክርክር መድረክ እዘጋቸዋለሁ ካሏቸው ሦስት መሥሪያ ቤቶች ሦስተኛው ጠፋባቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የጠፋባቸው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነበር፤ በ2017 እዚያው ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

የማሳቹሴትሱ ዴቫል ፓትሪክ ደግሞ ኖቬምበር 14፣ 2019 መጡ። የኒው ሃምፕሻየር የእጩዎች ምዝገባ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው! ጎበዝ ሰው ናቸው፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። አንድም የክርክር መድረክ ሳይደርሱ ፌብሩዋሪ ላይ አቆሙ።

አንዲት እንግዳ ሐሳብ ንግግሩን ስትውጠው

ሊንከን ቻፊ የሮድ አይላንድ የቀድሞ አገረ ገዥ ናቸው። በጁን 2015 ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ እጩነታቸውን ሲያውጁ ስለ ጦርነትና ሰላም ብዙ ተናገሩ። መሀል ላይ ግን አሜሪካ ወደ ሜትር ልኬት ትግባ አሉ። ሌላው ሁሉ ተረሳ፤ ዜናው ሜትር ሆነ። እኔ በበኩሌ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ስንት ዓመት ኖሬ ፋራናይት ሲነገረኝ እስካሁን በልቤ እቀንሳለሁ፣ አካፍላለሁ። ግን በመጀመሪያው ቀን አይባልም።

አገሬ ሰው መቼም አይከዳኝም ማለት

ሄሊ በፌብሩዋሪ 2023 ዘመቻቸውን የጀመሩት ቻርልስተን ላይ ነው፤ በገዛ ግዛታቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ እዚያው ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በሃያ የመቶኛ ነጥብ ገደማ በትራምፕ ተሸነፉ። ምክትላቸው የነበሩትና ወንበራቸውን የተረከቡት አገረ ገዥ ትራምፕን ደገፉ። በ2012 ራሳቸው ለሴኔት የሾሟቸው ቲም ስኮትም እንዲሁ። ወንበር ላይ ያስቀመጥከው ሰው ያንተ የሚሆነው አንተም ወንበር ላይ እስካለህ ነው፤ ከወረድክ በኋላ የራሱን ስሌት ይሠራል። ስለዚህ የአገር ቤቱን ድጋፍ ከንግግሩ ቀን በፊት አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ በስም ይዞ መነሳት ነው። የማይገኝ ከሆነም ዘመቻው የት እንደሚጀመር እንደገና ማሰብ።

መቼ እንደሚወጣ አለማወቅ

የኮሎራዶው ጆን ሂከንሉፐር ይህን ያወቁ ይመስለኛል። በማርች 2019 ጀመሩ፣ ኦገስት ላይ ተዉት። ሴናተር መሆን ለእኔ አይሆንም ሲሉ የነበሩት ሰው በ2020 ለሴኔት ተወዳድረው አሸነፉ።

የቨርጂኒያው የቀድሞ አገረ ገዥ ጂም ጊልሞር ግን በ2016 እስከ አይዋ ቀጠሉ። በመላው ግዛቲቱ ያገኙት ድምፅ 12 ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ለጽዋ ማኅበር ልክ ነው፤ በየወሩ አንድ ሰው ይደግሳል። ጊልሞር ግን ከዚያ ኒው ሃምፕሻየርም ሄዱ።