ነጩ አሸዋ ለምን አመድ መሰለ?

ባሕር ዳር ያለችው ስቱዲዮዬ ሰሞኑን አንዲት ወጣት ደንበኛዬ ከሶቆትራ ፎቶ ይዛ መጣች። ሶቆትራ የየመን ደሴት ናት፤ ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ ወዲያ ማዶ፣ ባሕር መሃል። አርኸር በሚባለው ዳርቻዋ ነፋስ ነጩን አሸዋ እያነሳ ገደሉ ላይ አስደግፎ ከምሮታል። የእሷ ፎቶዎች ላይ ግን ያ ሁሉ ነጭ የምድጃ አመድ መስሏል። «ጋሼ፣ ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?» አለችኝ። አልተበላሸም። ይህን ችግር እኔም እዚሁ ጎጃም ውስጥ በየዓመቱ አየዋለሁ።

አሸዋው ግራጫ ሆነ

ካሜራ የሚለካው ተንጸባርቆ የሚመጣለትን ብርሃን ብቻ ነው። ነጭና ጥቁር ለይቶ አያውቅም። ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ፍሬሙ በነጭ አሸዋ ሲሞላ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ማመን ካቃታችሁ ጥር 11 ታቦት አጅቦ የሚወጣውን ነጭ ለባሽ ሕዝብ በአውቶ አንሱት። ለበዓሉ የታጠበው ጋቢ ወር ሙሉ ውሃ ያልነካው ይመስላል።

መፍትሄው፦ ካሜራው ላይ የፕላስና የማይነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉና ወደ ፕላስ 1 ውሰዱት። አንድ ፎቶ አንስታችሁ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ከግራ ጨለማውን ከቀኝ ብርሃኑን የሚያሳየውን ግራፍ፣ እዩ። ግራፉ ወደ ቀኝ ይጠጋ፣ የቀኙን ግድግዳ ግን አይጫነው። ቦታ ካለ እስከ 1.7 መጨመር ይቻላል። ከዚያ ካለፈ የአሸዋው ሞገድ ይነዳል፣ መስመሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ የነደደ ነጭ ደግሞ በኤዲቲንግ አይመለስም። በሮው (RAW)፣ ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል፣ ማንሳት ከቻላችሁ አንሱ። በስልክ ከሆነ አሸዋው ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፏት። ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ስክሪኑን አትመኑት። ነጠላ ተከናንባችሁ እዩት።

ነጭ ሆነ፣ ግን ጠፍጣፋ ነው

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሌንስ መቀየር ያምረዋል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ለልጅቷ ያሳየኋት እንዲህ አድርጌ ነው። ሰፌድ ላይ የማኛ ጤፍ ዱቄት ነሰነስኩና በጣቴ ቀጫጭን መስመር አወጣሁበት። መብራት አጥፍቼ ባትሪ ከላይ ሳበራ መስመሮቹ ጠፉ፤ ሰፌዱ ባዶ ነጭ ሆነ። ባትሪውን ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ዝቅ ሳደርገው እያንዳንዷ መስመር የራሷን ጥላ ጣለች። ጣቴ የተንቀጠቀጠበት ቦታ ሳይቀር ታየ። ነጭ በነጭ ላይ የሚነበበው በጥላው ነው። ስለዚህ የአሸዋ ፎቶ ስታነሱ ዓይናችሁ ጥላውን ይፈልግ።

ባሕር ዳርና ሶቆትራ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው፤ እኛ 11.6፣ እሷ 12.5 ዲግሪ ገደማ። በሁለቱም ቦታ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ። ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል ማለት ነው። ጎህ ሳይቀድ ቦታው ላይ ሁኑ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት፣ ማታም ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት የእናንተ ነው። ፀሐይዋን ከጎናችሁ አድርጉ። ከጀርባችሁ ከሆነች ጥላው ከየሞገዱ ኋላ ይደበቅባችኋል።

ጥላው ሰማያዊ ሆነ

ጥላ ውስጥ ያለውን አሸዋ የሚያበራው ሰማዩ ነው፤ ቀለሙም ከዚያ ይመጣል። የቀለም ሚዛኑን (ዋይት ባላንሱን) ከአውቶ አውጥታችሁ የፀሐይ ወይም የደመና ምልክቱ ላይ አድርጉት። ትንሽ ሰማያዊ ቢቀር ግን እኔ ደስ ይለኛል፣ የጠዋቱን ቅዝቃዜ ያሳያል።

ፎከሱ አልይዝ አለ

ለስላሳ አሸዋ ላይ ካሜራው የሚይዘው ነገር ያጣል። ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት የክምሩ ጫፍ ላይ ፎከስ አድርጉና ቆልፉት።

ዙሙ ሲዞር ይንገጫገጫል

ወዲያው አቁሙ። አሸዋ ገብቶበታል፣ በጉልበት ከዞረ ይብስበታል። ባለሙያ ይፍታው።

እኔ ይህን የተማርኩት አዴት አካባቢ አውድማ ላይ ነው። ገበሬው ጤፉን በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ ያዘራል፤ እኔ ገለባው በሚነፍስበት በኩል ቆሜ ሌንስ እቀይራለሁ። ብናኙ ሌንሱ ላይ ሲያርፍ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። ፀጉር የምታህል ጭረት ቀረች፣ ዛሬም አለች። «ልጄ፣ ነፋሱን ከጀርባህ አድርገው» ብለው የመከሩኝ እኚያው አባት ናቸው። ምክራቸው ሶቆትራም ላይ ይሠራል። ነፋስ ባለበት ሌንስ አትቀይሩ። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ሌንሱ ጫፍ ላይ በላስቲክ እሰሩት። ሌንሱን መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አራግፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ ጨርቅ መጨረሻ ላይ ነው። የባሕር ነፋስ ጨው ስላለው ማታ የካሜራውን አካል በንጹሕ ውሃ እርጥብ ባለ ጨርቅ ጥረጉ። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የእኛ ክረምት ላይ፣ ደሴቲቱ ላይ የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ኃይለኛ ነው። ያኔ ለመሄድ አታስቡ።

ከክምሩ ጫፍ የሚበነው አሸዋ አይታይም

ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርጉና ከኋላ ጨለም ያለ ነገር ፈልጉ። ገለባም አሸዋም የሚያበራው ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው። የሻተሩን ፍጥነት ቅንጣቶቹ እንዲለዩ 1/1000 ሰከንድ፣ እንደ ጭስ እንዲሆን 1/60 አካባቢ አድርጋችሁ ሞክሩ።

የእግር ዱካ ፎቶውን አበላሸ

የምታነሱት በኩል ከመርገጣችሁ በፊት አንሱ። የግድ ካለፋችሁ ጥጉን ይዛችሁ ሂዱ። የረገጣችሁትን ነፋሱ እስኪያለብሰው ሌላ ጎን ፈልጉ።

የልጅቷን ፎቶዎች አብረን ከፍተን ብርሃናቸውን ጨመርን። የጨለመ እንጂ የነደደ ስላልነበረ አብዛኛው ነጭነቱ ተመለሰ። የቀኑ 6 ሰዓት ላይ የተነሱት ግን ነጭ ሆነውም ጠፍጣፋ ናቸው። አንዷን ጠዋት ከድንኳን እንደወጣች ሳታስብ ነው ያነሳቻት። እሷ ላይ እያንዳንዱ ሞገድ ይቆጠራል። በትልቁ አትመን ሰጠናት።