ወተቱ ሞልቶ እርሾው ሲራብ

ማታ ወተቱን አፈላችሁ፣ ለብ ሲል ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ ጣል አደረጋችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ተኛችሁ። ጠዋት ክዳኑን ስትከፍቱ ወተቱ እንደማታው ቁጭ ብሏል። ወዲያው ወተት ሻጩ ይታማል፤ «ውሃ ጨምሮበት ነው!» አንዳንዴ እውነት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው፦ ባክቴሪያዋ መሶቡ ፊት ተቀምጣ ተርባለች።

እንዴት ይሆናል? ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ነው። ኬዚን ትልቅ ነው፣ በሴሉ ሽፋን አያልፍም። ለብቻው የሚንሳፈፍ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ ነው) ደግሞ ወተት ውስጥ ጥቂት ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ወተት የምታረጋው ላክቶኮከስ ላክቲስ ከሴሏ ውጭ፣ ግድግዳዋ ላይ፣ ኬዚንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ትይዛለች። መቀስ እንበለው። ቁርጥራጮቹ ፔፕታይድ ይባላሉ። 4 እና ከዚያ በላይ አሚኖ አሲድ ያላቸው «ኦፕ» በሚባለው በር ይገባሉ፤ ሂሳቡ በኤቲፒ፣ ማለትም በሴሉ የኃይል ገንዘብ፣ ይከፈላል። ባለ 2 እና ባለ 3ዎቹ ሌላ በር አላቸው፤ እነሱ ከፕሮቶን (ከሃይድሮጅን አዮን) ጋር ተያይዘው ነው የሚገቡት። ከገቡ በኋላ ሌሎች ኢንዛይሞች አንድ በአንድ ይፈቷቸዋል። ይህን የበሮች ካርታ በአብዛኛው ያወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የነበረው የዊል ኮኒንግስ ቡድን ነው። መቀሱ እየሠራ ኦፕ ከተዘጋ ባክቴሪያዋ ወተት ውስጥ አታድግም። ምግቡ በር ላይ ተከምሮ ይቀራል።

አሁን ወደ ችግሮቹ።

ድሮ ጎበዝ የነበረ እርሾ ደከመ

የኔም እርሾ እንዲህ ሆኖ ነበር። ለወራት በ8 ሰዓት ሲረጋ ቆይቶ፣ ቀስ በቀስ 12 ሰዓትም አልበቃው አለ። እኔም የእርሾውን መጠን ጨመርኩ። ባሰበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ ላክቶኮከሶች የመቀሱ ጂን ያለው ዋናው ክሮሞሶም ላይ ሳይሆን ፕላዝሚድ ላይ ነው። ፕላዝሚድ ከክሮሞሶሙ ተለይቶ የሚኖር ትንሽ ዲኤንኤ ነው፤ ሴሎቹ ሲባዙ ሊጠፋ ይችላል። መቀሷን የጣለች ሴል ወተት ውስጥ ለብቻዋ ስትሆን ከመደበኛው ብዛት ከ10 እስከ 25 በመቶ ብቻ ደርሳ ትቆማለች። ከሌሎች ጋር ስትሆን ግን ሌላ በቆረሰው ትጎርሳለች፣ መቀስ የመሥራት ወጪም የለባትም። እርሾው ሲበዛ ፍርፋሪው በየቦታው ስለሚገኝ እነዚህ ጥገኞች ይበዛሉ። ሴሎቹ ሲራራቁ ግን የቆረጠችው ራሷ ቀድማ ትበላለች። ታዲያ እኔ ማንኪያ በጨመርኩ ቁጥር ጥገኞቹን ነበር የምቀልበው።

መፍትሄው እርሾ መቀነስ ነው ለማለት ያስቸኩላል። ላብራቶሪ ውስጥ ልክ ነው፤ እጅግ አቅጥኖ ደጋግሞ ማራባት መቀስ ያላቸውን ይመልሳል። ቤት ውስጥ ግን የሻይ ማንኪያም ለባክቴሪያ ብዙ ነው፤ ከመጠን በላይ ከቀጠነ ደግሞ ያልተጋበዘ ተህዋስ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ጥሩ እርጎ ካለው ጎረቤት አዲስ እርሾ ለምኑ።

ላብራቶሪ ያላችሁ በሦስት ብርጭቆ ልትለዩት ትችላላችሁ። አንዱ ውስጥ ወተት ብቻ፣ ሁለተኛው ውስጥ ወተትና ፔፕቶን (የተቆራረጠ ፕሮቲን ነው)፣ ሦስተኛው ውስጥ ወተትና የተናጠል አሚኖ አሲዶች ድብልቅ። እኩል እርሾ ጨምሩ፣ 30 ዲግሪ ላይ አሳድሩ። ሁለተኛው ረግቶ የመጀመሪያው ካልረጋ መቀሱ ጠፍቷል። ሦስተኛው ብቻ ከረጋ የፔፕታይዱን በር ወይም የውስጡን ፈቺ ኢንዛይም ጠርጥሩ። ሦስቱም እንደነበሩ ካደሩ በሮቹን ተዉአቸው፤ ወደ መጨረሻው ክፍል ውረዱ።

ረግቷል፣ ግን ይመራል

እዚህ መቀሱ ሞልቶ ተርፏል። ከኬዚን የሚወጡ አንዳንድ ውሃ የማይወዱ ፔፕታይዶች መራራ ናቸው። ምሬቱን የሚያጠፉት ፈቺ ኢንዛይሞች ያሉት ሴሉ ውስጥ ነው። በበሩ ከሚገባው ይልቅ የሚቆረጠው ከበለጠ ትርፉ ምላሳችሁ ላይ ይቀራል። እንደረጋ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ውሰዱት፣ ሙቀት ላይ አታሰንብቱት። ካልተሻለው እርሾ ቀይሩ። አይብ ሠሪዎች አንዳንድ ሴሎች ፈንድተው ኢንዛይማቸውን እንዲያፈሱ የሚፈልጉትም ለዚህ ነው።

የሱቅ እርጎ እርሾ ሲንቀረፈፍ

እዚህ ባክቴሪያዎቹ ሁለት ናቸው፦ ስትሬፕቶኮከስ ተርሞፊለስና ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ። ብዙ ጊዜ መቀሱ ያለው በቡልጋሪከስ እጅ ነው፤ ፔፕታይድ ትቆርሳለች፣ ጓደኛዋ ፎርሚክ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትሰጣታለች። አንዷ ከሞተች ሌላዋ ታዘግማለች። ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ያዙት።

አሚኖ አሲድ ጨመርኩላት፣ እድገቷ ቀነሰ

ይሄ ላክቶኮከስን ላብራቶሪ ውስጥ የሚያሳድጉ ተማሪዎች ጥያቄ ነው። ሊውሲን፣ አይሶሊውሲንና ቫሊን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች በአንድ በር ይጋፋሉ። ሊውሲን ብቻውን ሲከመር ቫሊን ውጭ ይቀራል። ሚዛኑን አስተካክሉ፣ ወይም በፔፕታይድ መልክ ስጡ፤ በሌላ በር ይገባል። ግሉታሜት የሚባለው አሚኖ አሲድ አልገባ ካለ ደግሞ ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) እዩ። በሩ የሚቀበለው ፕሮቶን የያዘውን ግሉታሚክ አሲድ ነው፤ ፒኤች 7 ላይ ይሄ እጅግ ጥቂት ነው። ወደ 6 አውርዱት፣ ወይም በግሉታሚን፣ በዘመዱ አሚኖ አሲድ፣ ተኩት። ግሉታሚን በዚያው በር ይገባል፣ ለፒኤችም ብዙ አይጨነቅም።

ምንም ብታደርጉ አይረጋም

ያንኑ እርሾ በሌላ ላም ወተት ሞክሩት። እዚያ ከረጋ እርሾው ጤነኛ ነው። ዕቃው በወይራ ከልክ በላይ ታጥኖ ከሆነ ይዘገያል እንጂ ጨርሶ አይቀርም። በሁለቱም ወተት ካልረጋ ወይ ትኩስ ወተት ላይ ጨምራችሁ እርሾውን ገድላችሁታል፣ ወይ ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ ገብቶበታል፤ ዕቃውን በፈላ ውሃ አጥባችሁ በአዲስ እርሾ ጀምሩ። በአንደኛው ወተት ብቻ እምቢ ካለ ግን አንቲባዮቲክ ነው የምጠረጥረው። ፔኒሲሊን ለነዚህ ባክቴሪያዎች በጥቂቱም መርዝ ነው፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ያኔ ወተት ሻጩን ስለ ውሃ አትጠይቁት። ላሟ ሰሞኑን መርፌ ተወግታ እንደሆነ ጠይቁት።